ፊልሙ ላይ ያለችው ሴትና እኔ

ፊልሙ ላይ ያለችው ሴት ከሽንኩርት መክተፊያው ቢላዋ አንስታ ወደ ልጇ አልጋ ማምራት ስትጀምር፣ የእህቴ ባል መስፍን ሶስናን ከጭኔ ላይ አነሳት። አልጮኸም። በሁለት እጁ ከብብቷ ይዞ፣ እንቅልፍ የወሰዳት ልጅ እንደምትነሳ አድርጎ አነሳትና ሶፋው ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ በእሱና በግድግዳው መካከል አስቀመጣት።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለችው። ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንቅልፍም አልወሰዳትም ነበር።

«ከዚህ በደንብ ይታያል» አላት።

እህቴ ትዕግስት እሱን አየችው፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርን። ሴትዮዋ ልጇን ወጋች። ደሙ ነጭ አንሶላ ላይ ሲሰራጭ ካሜራው ቀስ ብሎ ተጠጋው። ሶስና ፊቷን አባቷ ሆድ ላይ ደፋች።

እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር፤ ከአምልኮ መመለሳችን ነው። ፊልሙን የመረጠችው ትዕግስት ናት። ስለ አእምሮ ሕመም የሚያስተምር ጥሩ ድራማ ነው ብለዋት፣ «ማርታ፣ አንቺም እዪው፣ ደስ ይልሻል» ብላኝ ከስልኳ ወደ ቴሌቪዥኑ አገናኘችው። የሴትዮዋ ሕመም የእኔ ሕመም ነው። ስኪዞፍሬኒያ ይባላል። ሐኪሜ ስታስረዳኝ፣ አእምሮ ከራሱ ውስጥ የሚነሳውንና ከውጭ የሚመጣውን መለየት ሲያቅተው ነው አለችኝ። ማንም ሳይናገር ድምፅ ይሰማል፤ ማንም ክፉ ሳያስብ ጠላት ይበዛል። ፊልሙ ሲያልቅ የተወጋችው ልጅ ተረፈች፤ ባልየው ሚስቱን ዝናብ ውስጥ አቀፋት፤ ትሰማው የነበረው ድምፅ ጸጥ አለ፤ ሴትዮዋ ዳነች።

በማግስቱ ጠዋት መስፍንና ትዕግስት ወጥ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ቤታችን ቀጨኔ፣ ዳገቱ ላይ ነው፤ ወጥ ቤቱን ከእኔ ክፍል የሚለየው ችፑድ ብቻ ስለሆነ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

«ትባረር አላልኩም። እስከ ወሩ መጨረሻ እዚሁ ሰፈር አንድ ክፍል እንፈልግላት ነው ያልኩት።»

«ፊልም አይተህ?»

«ፊልም አይቼ አይደለም፣ ትዕግስት። ትከሻዬን ነክቼ ነው።»

ትከሻውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ሐኪሜ ብቻሽን እንዳትኖሪ ብላኛለች፤ ሕመሙ ሲጀምር ከታማሚው በፊት የሚያየው አብሮት የሚኖር ሰው ነውና። ከዚህ ቤት መውጣት ለእኔ ቤት መቀየር ማለት አይደለም። ተመልሼ ላልወጣበት ወደምችለው ጉድጓድ አንድ እርምጃ መቅረብ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለታመሙ ሰዎችና አብረዋቸው ለሚኖሩ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት ዘመድ ቤት ልጅ ልጠብቅ ሲሆን፣ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ በማታ ትምህርት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ አብረውኝ የተቀመጡት ልጆች የእኔ ልጆች ሊሆኑ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ከዚያ አዲሱ ገበያ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ። ሥራው ለእኔ የተፈጠረ ያህል ነበር። መጽሐፍ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ካየች እህል አይወርድላትም ብለው የሚያሙኝ ሰዎች ብዙም አላጋነኑም።

መጀመሪያ የተበላሸው እንቅልፌ ነው። ሌሊቱን ጣራ ላይ የሚሄድ ነገር እያዳመጥኩ ማንጋት ጀመርኩ። ቀጥሎ ምግቡ ብረት ብረት አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን የመጽሐፍ ቁጥር ስጽፍ፣ «ተሳሳትሽ» የሚል የሴት ድምፅ ከአጠገቤ ሰማሁ። ዞር ብል ማንም የለም። ቁጥሩን ሳየው በእርግጥም ተሳስቻለሁ።

ፊልሙ ላይ ያለው ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ያስተጋባል። የእኔዋ አታስተጋባም። ዜና እንደምታነብ ሴት ጥርት ያለች፣ ጨዋና ደረቅ ነበረች፤ ትንፋሿ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል። መጀመሪያ ላይ አልፈራኋትም። ምክንያቱም ልክ ነበረች። እኔ ያላየሁትን ስህተት ታሳየኝ ነበር። ከወራት በኋላ ነው «ተሳሳትሽ» ማለቷን ትታ «ቆሻሻ ነሽ» ማለት፣ ቀጥሎም የሥራ ባልደረቦቼ ስለ እኔ የሚሉትን መንገር የጀመረችው። ያን ጊዜ ግን ማመን ለምጄ ነበር።

ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ወሰዱና ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስም ጀማምሮሻል አሉኝ። በዚህ ከተማ ታይፎይድና ታይፈስ ያልተባለ ሰው ካለ ክሊኒክ ሄዶ አያውቅም ማለት ነው። መድኃኒቱን ጨረስኩ። ሌላ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ፤ ሌላው ደም ማነስ። ትዕግስት ፍሪጇን ሸጣ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሆዴን በመሣሪያ አሳየችኝ። ሆዴ ደህና ነበር። በዚያ ሁሉ ወረፋ፣ በዚያ ሁሉ ወንበር ላይ፣ ድምፅ ትሰሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔ ደግሞ ያልተጠየቅኩትን የምመልስ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ አንድ የሒሳብ መምህር ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ከጓደኛው ጋር ሲስቅ፣ የሚስቀው በእኔ መሆኑን ድምጿ ነገረችኝ። የወረቀት መብሻ ብረቱን አንስቼ ወረወርኩበት። ግንባሩ ተሰነጠቀ፤ ደሙ እጁ ውስጥ ሞልቶ ክፍት መጽሐፍ ላይ ፈሰሰ። እኔ የጮኽኩት ስለ መጽሐፉ ነው። ከትምህርት ቤት አስወጥተው ለትዕግስት አስረከቡኝ።

እኛ ጴንጤዎች ነን። ሐኪም መፍትሔ ያጣለትን ነገር ወደ ጸሎት መውሰድ ለእኛ የመጨረሻ አማራጭ አይደለም፣ የመጀመሪያው ነው። ሰፈራችን ያለ አንድ የጸሎት ቡድን ነጻ ያወጣል ተባለና ወሰዱኝ። የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ግድግዳ ጥግ ደርድረው መሐሉን ባዶ አድርገውታል። አራት ወንድሞች ያዙኝ። ሁለቱ እጄን፣ አንዱ ወገቤን፤ አራተኛው መዳፉን ግንባሬ ላይ ጭኖ ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ገፋው።

«ስምህ ማን ነው?» አለ። መንፈሱን መጠየቁ ነው።

«ማርታ» አልኩ።

በጥፊ መታኝ። «ስምህ ማን ነው?»

«ማርታ።»

እንደገና መታኝ። ዘይት ዓይኔ ውስጥ ገባ። ስወድቅ አንዱ ጉልበቱን ጎኔ ላይ አደረገ፤ ውስጤ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። ጥያቄው አልተለወጠም፤ እኔም መልሴን የምለውጥበት ምክንያት አልታየኝም ነበር፤ ስሜ ማርታ ነው። አፌ በደም ሲሞላ ግን አንድ ስም ሰጠኋቸው። የማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ከታች መንገድ ላይ ያለ የሱቅ ስም ይመስለኛል። ደስ አላቸው። «ወጣ» ተባለ፤ አጨበጨቡ፤ ለቀቁኝ። ትዕግስት በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። ስታቅፈኝ የተሰበረውን ጎኔን ነክታ አስጮኸችኝ። በማግስቱ ለማንም ሳትናገር የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ወሰደችኝ።

እዚያ ያገኘኋት ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች። ካርዴን ሳትከፍት፣ «እሺ ማርታ፣ ማንም በሌለበት የሚያናግርሽ አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «ምን ትልሻለች?» አለች። ሴት መሆኗን ሳልነግራት «ትልሻለች» ያለችው ዝም ብሎ ገጥሞላት ይሁን አላውቅም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኋት።

ክኒኑ ቶሎ አልሠራም። ሳምንታት ፈጀ። ከዚያ አንድ ቀን ድምጿ ግድግዳ ማዶ እንዳለች ራቀች፤ ሌላ ቀን ጭራሽ ጠፋች። ወደ ሥራዬ መለሱኝ። ግንባሩን የሰነጠቅኩት መምህር ይቅርታ ስጠይቀው፣ «የተዋስኩትን መጽሐፍ ዘግይቼ ብመልስ ሁለተኛ አትወረውሪም አይደል?» አለኝና አሳቀኝ።

አሁን ወደ ስህተቱ መጣሁ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

በእኛ ዘንድ ሰው እግዚአብሔር ያደረገለትን ቆሞ ይመሰክራል። እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም። ነገር ግን ከመታመሜ በፊት የሚያውቁኝ ሁሉ ለውጡን አይተዋል፤ አንድ እሑድ መሪው ስሜን ጠራ። ማይኩን ያዝኩ። «ታምሜ ነበር፤ አሁን ድኛለሁ» አልኩ። ጉባኤው እልል አለ። ሴቶች አቀፉኝ።

ማታ ክኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ባለበት ድኛለሁ ብያለሁ። የዳነ ሰው መድኃኒት አይውጥም። ይህን ከዋጥኩ የመሰከርኩት ውሸት ነው፤ ውሸታም ልሆን ነው፤ ያውም በእግዚአብሔር ፊት። ሌላ ሰው ቢሆን ውጦ ይተኛል። እኔ ቃል ከተናገርኩ ልክ እንዲሆን የምፈልግ ሰው ነኝ። ክኒኑን ወደ ብልቃጡ መለስኩና ተኛሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ብልቃጡ እየጎደለ እንዲመስል በየቀኑ አንድ ክኒን እያወጣሁ እጥል ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ያው የብረት ጣዕም ነው። ትዕግስት የሠራችውን መብላት ተውኩ። ራሴ የምልጠው ቅቅል እንቁላል ብቻ ነበር የምበላው፤ ቅርፊቱ ካልተሰበረ ማንም ምንም ሊጨምርበት አይችልምና። የእጅ ጽሑፌ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ቀጥሎ ድምጿ ተመለሰች። ይህን ጊዜ ጨዋ አልነበረችም።

የሆነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሶስና ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር። ትዕግስት ዳቦ ቤት ሥራ ላይ ናት፤ መስፍን ከአዲሱ ገበያ ሸጎሌ ሚኒባስ ይነዳል፤ ቤት ውስጥ እኔና ልጅቷ ብቻ ነበርን። ሶስናን መኝታ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩባት። የሳሎኑን መስኮት በክንዴ ሰበርኩት። ከሙቀጫው ዘነዘናውን አውጥቼ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሶስና ከውስጥ በሩን እየደበደበች ትጮህ ነበር። ጎረቤት ደውሎለት መስፍን ሲደርስ፣ ክንዴ ከትከሻዬ እስከ ክርኔ በደም ተነክሮ አገኘኝ።

«ማርታ፣ ነይ ከበሩ ዞር በይ» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«አትክፈተው።»

«ልጄ ናት እኮ። ዞር በይ።»

ወደ በሩ ሲጠጋ በዘነዘናው መታሁት። ከትከሻው ወደ አንገቱ የሚሄደው አጥንት ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ዛሬም አለቀቀኝም። ተንበረከከ። ሁለተኛ ለመምታት አነሳሁ። ሰዎች የገቡት ያን ጊዜ ነው። በድንጋይ፣ በዱላ፣ በእግር መቱኝ፤ ከደጃፉ እስከ አስፋልቱ በፀጉሬ ጎተቱኝ። ሴቶች ምራቅ ተፉብኝ። ሚኒባሱ ጣራ ላይ ዕቃ በሚታሰርበት ናይለን ገመድ እጄንና እግሬን ወደ ኋላ አሰሩኝ። መስፍን በደህና እጁ በሩን በመጥረቢያ ሰብሮ ልጁን አወጣ። ከዚያ በገዛ መኪናው፣ ሌላ ሰው እየነዳ፣ እሱ ፊት ወንበር እኔ ወለሉ ላይ ሆነን ሆስፒታል ሄድን።

መጠበቂያው ክፍል ሰው ሞልቶ ነበር። ወለሉ ላይ አጋደሙኝ። ገመዱ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ ጣቶቼ ሰማያዊ ሆነዋል። አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት፣ ለብቻው ከሚስቅ ወጣት ልጃቸው ጋር ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ስማቸው እማማ ዘይነባ መሆኑን በኋላ አወቅኩ፤ ሱቅ ነው ያላቸው። ተነስተው ጎንበስ ብለው እጄን አዩ።

«በግ ነው እንዴ ያመጣችሁት?» አሏቸው የያዙኝን ጎረምሶች። «ፍቱላት።»

«እማማ፣ ትማታለች።»

«እኔም እማታለሁ። ፍታ አልኩህ።»

አልፈቱኝም፤ ላላ አደረጉት ግን። እማማ ዘይነባ በላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን ውኃ ገመዱ የበላው ቦታ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱልኝ። ከዚያም ከልጃቸው ጋር እስኪጠሩ ድረስ እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አድርገው ተቀመጡ። በዚያ ቀን ሳይመታኝ የነካኝ የመጀመሪያው እጅ ነው።

መርፌ ሲወጉኝ አራት ሰዎች ተጫኑኝ። ከቀናት በኋላ አንገቴ ወደ ጎን ተጠማዞ ቀረ፤ ምላሴ አፌን ሞላው፤ ምራቄ ደረቴ ላይ ይንጠባጠባል። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ሌላ መድኃኒት ሲጨምሩልኝ ተፈታ። ይህን የምናገረው ማንንም ላስፈራራ አይደለም፤ አንገቴ ሲጠማዘዝ ድምጿ ቀጣችኝ ብዬ ነበር፤ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር መድኃኒቱ ነው ብዬ ነርሶቹን እጠራ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ታማሚ ያለ ምክንያት የብረት ሳህን ፊቴ ላይ ሰብቃ ጥርሴን አነቃነቀችው። ያለ ምክንያት አልኩ እንጂ የራሷ ምክንያት እንደነበራት አልጠራጠርም።

ከሆስፒታል ስወጣ መስፍን ቤቱ ተቀበለኝ። ይህን ማንም እንዳይረሳው እፈልጋለሁ። ትዕግስት ለምናው ነው፤ ግን ተቀበለኝ። አልሰደበኝም፤ ስለዚያ ቀንም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀኝም። ጉባኤው ፊት ቆሜም «ድኛለሁ ያልኩት ልክ አልነበረም፤ በሕክምና ላይ ነኝ፤ በየቀኑ ክኒን እውጣለሁ፤ እየዋጥኩም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ» አልኩ። ማንም እልል አላለም። አንዲት እናት ግን ሲወጡ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ልጄን ነገ ወዴት ልውሰደው?» አሉኝ።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ኖረን ነው ፊልሙ የመጣው።

መስፍን ከትዕግስት ጋር ወጥ ቤት ካወራ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ሶስና የሕፃናት መዝሙር ልምምድ ሄዳ ሦስታችን ብቻችንን ሆንን።

«መስፍን፣ ፊልሙን እንደገና እንየው» አልኩት።

«ለምን?»

«ስለ እኔ ከፊልሙ ሴትዮ ነው የተማርከው። የተሳሳተችውን ላሳይህ።»

«ቤተ መጻሕፍቱ እዚህም ተከፈተ» አለ፤ ግን ተቀመጠ።

ሪሞቱን እኔ ያዝኩ። ድምፁ ሲያስተጋባ አቆምኩትና እንዲህ አይደለም አልኩት። ሴትዮዋ ዓይኗን እያጉረጠረጠች ሰው መሐል ስትጮህ አቆምኩት፤ እኔ በጣም በታመምኩበት ሰሞን ዝም ብዬ መጻሕፍት ስደረድር ነበር፣ ማንም አላወቀም አልኩት። ከዚያ ሴትዮዋ ባሏ ያመጣውን ምግብ ገፍታ እንቁላል ስትልጥ መጣ።

«ይህ ልክ ነው» አልኩ። «ይህን ከታመመ ሰው ነው የሰሙት።»

ትዕግስት ሳቀች። «ያን ጊዜ እኮ እንቁላል ከምገዛልሽ ዶሮ ባረባ ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር።»

መስፍንም ፈገግ አለ። ፊልሙ ቀጠለ። ቢላዋው ጋ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደና ራሱ አቆመው። ሴትዮዋ አልጋው አጠገብ እንደቆመች ቀረች።

«ይኼስ?» አለ። «ይኼም ውሸት ነው?»

ነው ብል ይበቃው ነበር። ለመስማት ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ትዕግስትም በይ እያለችኝ ነው በዓይኗ። አንድ ቃል ብናገር እዚያ ቤት እኖራለሁ። ግን እሱ አንድም ጊዜ ያልጠየቀኝን አሁን መጠየቁ ነበርና፣ ለተጠየቅኩት ልክ ያልሆነ መልስ መስጠት አልቻልኩም።

«ግማሹ ውሸት ነው» አልኩ።

«ማርታ» አለች ትዕግስት።

«ተዪያት። ግማሹ ማለት?»

«ድምጿ አዝዛኝ ነበር። ሶስናን ጨርሻት አለችኝ። አንቺ ካልጨረስሻት ሌሎች መጥተው የባሰ ያደርጓታል፣ በአንቺ እጅ ብትሞት ይሻላታል አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ነው ያለችኝ። አመንኳት።»

መስፍን ሪሞቱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ስለዚህ ቆለፍኩባት። እሷ እንዳትወጣ አይደለም፤ እኔ እንዳልገባ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ክፈቺው፣ ክፈቺው አለችኝ። መስኮቱን ሰብሬ ቁልፉን ከቤቱ ሥር ወዳለው ገደል ወረወርኩት።»

«ከዚያ እኔን መታሽኝ።»

«በሩን ልትከፍተው ነበር። ከከፈትከው እኔም እገባ ነበር።»

ትዕግስት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መስፍን ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። የሚኒባሱ ሞተር ሲነሳ ሰማን፤ መኪናው ግን አልሄደም፤ ቆሞ እየተንገረገበ ቆየ። ሞተሩ ሲጠፋ ተመልሶ ገብቶ፣ በር ላይ ቆመ።

«መስኮቱን የሰበርሽው ለመዝለል መስሎኝ ነበር» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«አልጠየቅከኝም።»

«መልሱን ፈርቼ ነው የማልጠይቅሽ፣ ሴትዮ።» ተቀመጠ። ትከሻውን ሳያውቀው እያሸ ነበር። «እንደገና ቢመጣብሽስ?»

«ሊመጣ ይችላል። ምግባችሁን ትቼ እንቁላል ከጀመርኩ መጥቷል ማለት ነው። የእጅ ጽሑፌ ካነሰ መጥቷል። ያን ጊዜ አትለምኑኝ፣ ሆስፒታል ውሰዱኝ።»

«እምቢ ብትዪስ?»

«እምቢ እላለሁ። እሰሩኝ። በገመድ ግን አይሆንም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልሉኝ፣ ከላይ በጋቢ እሰሩት። ሁለት ሰው ይበቃል። ጎረቤት አትጥሩ። ሶስና ቀድማ ከቤት ትውጣ።»

መስፍን አየኝ። «ለመታሰርም መመሪያ አላት» አላት ለትዕግስት፤ ከዚያ ትዕግስት እያለቀሰች ሳቀች፣ እሱም።

ስለ ክፍል ፍለጋው ያን ቀን ምንም አልተባለም። ወሩ አለቀ፤ አሁንም ምንም አልተባለም።

ለምታነቡ ሁሉ ማለት የምፈልገው ይህን ነው። የታመመ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሲሻለው ጠይቁት። ምን እንደሰማ፣ ምን እንደታዘዘ፣ ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገው። የምትፈሩትን መልስ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ያላሰባችሁትንም ልትሰሙ ትችላላችሁ። እናንተ ታማሚዎች ደግሞ ሲሻላችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ ፈቃድ አትተዉ፤ ከማንም ጋር ብትሟገቱ ከሐኪማችሁ ጋር ተሟገቱ። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ክፉ አይመስሉኝም። ባልየው አቅፎ ማዳኑን ግን አልቀበልም፤ እኔን ብዙ ሰው አቅፎኛል፤ ድምጿን ግን ያራቃት ክኒን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሜ የክኒኑን መጠን ቀነሰችልኝ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ። ትናንት ትዕግስት ዳቦ ቤት የታመመች ባልደረባዋን ልትተካ ድንገት ተጠራች። መስፍን የከሰዓት ተራው ደርሷል፤ ረዳቱ ከደጅ ጥሩምባ እየነፋ ያጣድፈዋል። የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ሳሎን መሐል ቆመ። ሶስና ወለሉ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«ማርታ» አለኝ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «እስክንመለስ አንቺ ጋ ትሁን።»

ትከሻውን ከሰበርኩበት ቀን ወዲህ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እሺ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

«አይሆንም» አልኩት። «መድኃኒቴን ከቀነሱልኝ ገና ሳምንቱ ነው። እንዴት እንደሚሆን አላየሁትም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ረዳቱ እንደገና ጥሩምባ ነፋ። መስፍን የሶስናን ደብተር ከወለሉ አነሳና፣ «ነይ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ሸጎሌ ነሽ» አላት። እሷ «ከአክስቴ ጋር ነበር የምቀረው» እያለች ተነጫነጨች። ጫማዋን እያሰርኩላት ሳለ ከበላዬ ቆሞ ጠበቀ።

«በሚቀጥለው ሳምንትስ?» አለኝ።

«በሚቀጥለው ሳምንት ጠይቀኝ» አልኩት።

«እጠይቅሻለሁ» አለ።